አራት ዓረፍተ ነገር ለአስታና

አራሚ የሌለው ቤተ ዘመድ የለም። አስታራቂ ሽማግሌ የሌለው ቤት ሞልቷል፤ በግ ማረድ የሚችል ወንድ የጠፋበትም አለ። ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር «እንደሱ አይባልም» የሚል ግን በየቤቱ አንድ አንድ ተመድቧል። መዳቢው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ቢታወቅ ዛውሬ ሄዳ ታንቀው ነበር።

በካዛክስታን፣ በፔትሮፓቭል ከተማ ለዛውሬ የተመደበችላት አራሚ የባሏ ታላቅ እህት፣ የዳቦ ፋብሪካ ጡረተኛዋ፣ የቋንቋችን ዘበኛ ክብርት ወይዘሮ ቃላምቃስ ነች። ቃላምቃስ የበኩር ልጅ ናትና እንደ ደንቡ አያቶቿ ወስደው ገጠር አሳደጓት፤ ካዛክኛውን እዚያ ጠግባ መጣች። ዛውሬ ከተማ አደገች፣ ተማረች፣ መድኃኒት ቤት ገባች፤ ሳል የያዘውን ሁሉ በሩሲያኛ ስታክም ሃምሳ ሁለት ዓመት ሞላት። ካዛክኛ ሲወራ ትሰማለች። ከአፏ አልወጣ ይላታል እንጂ።

ነገሩ የመጣው አንድ ልጇ ሳንዣር አስታና ላይ ናዜርኬ የምትባል ልጅ ወድዶ ነው። የልጅቷ ቤተሰብ ከካዛክኛ ሌላ አይናገርም። በደንቡ ደግሞ የወንዱ እናት ዘመድ በተሰበሰበበት ለልጅቷ የጆሮ ጌጥ ታደርግላትና በገዛ አፏ ትመርቃታለች፤ መታጨት ማለት ይኸው ነው። ዛውሬ በልጇ ፊት አፏ ተሳስሮ መቆም አልፈለገችም። አራት ዓረፍተ ነገር በወረቀት ጻፈች። አራት ብቻ። ይህ ወሬ ቃላምቃስ ጆሮ ገባና በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ መጣች።

ሦስት ሳምንት ተቀመጠች። ማቀዝቀዣው ላይ፣ ማንቆርቆሪያው ላይ፣ መስታወቱ ላይ ወረቀት ለጠፈች። ዛውሬ በካዛክኛ በትክክል ካልጠየቀች ጨው አይሰጣትም፤ በገዛ ወጥ ቤቷ፣ በገዛ ጨዋ።

«አፓ፣ ሾርባው እየገነፈለ ነው እኮ!» ትላለች ዛውሬ፤ በካዛክኛ ታላቅ እህት የምትጠራው «አፓ» ተብላ ነው።

«ይገንፍል። ከመጀመሪያው በይው።»

ሥራ ስትገባ ደግሞ ስልኩ ይጮኻል። ሰባት ሰው ተሰልፎ እያየ፣ ዛውሬ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ «ልጄ፣ የቤትሽ መቃን የጸና ይሁን» ስትል አንድ አዛውንት የዓይን ጠብታቸውን ተቀብለው «አሚን» ብለው ሄደዋል። ከስልኩ ወዲያ የመጣው መልስ ግን «እንደሱ አይባልም፣ ሙሽራዬ» የሚል ነበር። ሙሽራዬ! ካገባች ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበው የርቦላት የሚባለው ባሏ ነው። እሱ የሚያውቀው ካዛክኛ «ብሉ» እና «እናመሰግናለን» ብቻ ነው፤ በእነዚህ ሁለት ቃላት ዕድሜውን ሙሉ ሠርግም ለቅሶም ተወጥቷል።

«እሱንስ ለምን አያርሙትም?» አለች ዛውሬ አንድ ቀን፣ ድንች እየላጠች።

«ወንድ ዝም ሲል ያምርበታል» አለች ቃላምቃስ።

ዛውሬ ቢላውን አስቀምጣ ከወጥ ቤቱ ወጣች። ቢላ ይዛ መቆየቱ ለማንም አይበጅም ነበር።

የጉዞው ቀን መሪውን የርቦላት ያዘ፤ ቃላምቃስ ከጎኑ ተቀመጠችና ፊቷን ወደ ኋላ፣ ወደ ዛውሬ አዞረች። መንገዱን አንዴም አላየችውም። ነዳጅ ሊቀዱ ሲቆሙ ዛውሬ ወርዳ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ወደፊት መንገዱን በረዶ ዘግቶት እንደሆነ በካዛክኛ ጠየቀችው። ሰውዬው በዝርዝር ነገራት፤ መንገዳችሁ የቀና ይሁንም አላት። ፊቷ እያበራ ተመለሰች።

«ገባው፣ አፓ! አወራን!»

«ይሉኝታ ይዞት ነው የገባው» አለች ቃላምቃስ።

«እንግዲህ ይበቃል! ለመንገደኛው ይገባዋል፣ ለሽማግሌው ይገባዋል። እርስዎ ብቻ ነዎት የማይገባዎት!»

ቃላምቃስ ትንሽ አሰበች። «እሺ፣ እንዲህ ይሁን። ጌጡን አንቺ አድርጊላት፣ ቃሉን እኔ እናገርልሻለሁ።»

ይህን ያለችው ከልቧ ልትረዳት ፈልጋ ነው፤ የባሰውም እሱ ነው። ዛውሬ የጌጡን ሳጥን እስከ አስታና ከእጇ አላወጣችም። ሌላ ሰው ሊሸከምልህ የሚችል ብዙ ነገር አለ፤ ልጅን መዳር ግን ከዚያ ውስጥ አይደለም። ያቺ ሴትዮ አጠገቤ ድርሽ ትበልና ታያለች፣ አለች በሆዷ።

የልጅቷ ቤት በዘመድ ተሞልቷል። ገበታው መካከል የበግ ላትና ጉበት በትልቅ ሳህን ተከትፎ ቀርቧል፤ ሁለቱ ወገኖች ያንን በእጃቸው እየተጎራረሱ ነው የሚዛመዱት። ዛውሬ ተነሣች። አንዱን ጌጥ አደረገችላት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ወጣ፣ ሁለተኛውም ወጣ። ሦስተኛው ጠፋ።

ሳንዣር አቀረቀረ። ዛውሬ ወረቀቷን ተወችና በራሷ ቃል ቀጠለች፤ «ሴት ልጅ የለኝም። ቋንቋውንም አላውቅበትም። አንቺ ግን...» ንግግሩ ያነክሳል፤ መካከሉ ላይ ሩሲያኛ ገባበት።

አስታናም የራሷ አራሚ ነበራት። የልጅቷ አክስት ወይዘሮ ኡልመከን ፈገግ ብላ ወደ ጎረቤቷ ዘንበል አለችና፣ ለሁሉም በሚሰማ ሹክሹክታ «ውይ፣ እንደሱ እኮ አይባ...»

አልጨረሰችውም። ጭብጥ ሙሉ ላትና ጉበት አፏን ሞላው። ያጎረሰቻት ቃላምቃስ ነች፤ በደንቡ መሠረት፣ በፈገግታ።

«ይብሉ እንጂ፣ የኔ እመቤት፣ ዘመድ ሆንን አይደል?» አለቻት፤ አክስቲቱ እስክትውጥ ድረስም እጇን ከአፏ ደጃፍ አላነሳችም።

«...አንቺ ግን ስትገቢ እንግዳ አትሁኚብኝ» አለች ዛውሬ። «ቤቱ ያንቺ ነው። እኔም ያንቺ ነኝ።» ሁለተኛውን ጌጥ አደረገችላት። ናዜርኬ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ቤቱም «አሚን» አለ።

ቃላምቃስ እጇ እስከ አንጓው በቅባት እንደወዛ መጥታ ከዛውሬ ጎን ተቀመጠች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አምስት ቦታ ተሳስተሻል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«በባዕድ ፊት ላርምሽ? እነሱስ ምን አገባቸው? አንቺን የማርመው እኔ ነኝ።»

ዛውሬ ንዴቷን ፈለገችው። አለ፣ የትም አልሄደም። ግን ይቺን ሴትዮ በአስታና አራሚ ሁሉ እንደማትለውጣት ገባት፤ ይህም ደግሞ አናደዳት።

«የመጀመሪያው ስህተትሽ...» ብላ ቃላምቃስ አፏን ስትከፍት ዛውሬ ከሳህኑ ጨብጣ አጎረሰቻት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል። ጠቡስ ሦስት ሳምንት ሙሉ በቅቷቸው ነበርና፣ ሁለተኛውን አስከተለችላት።