ሰጥተው ያልለቀቋት አልጋ

አንባቢ ሆይ፣ ዕቃውን ሰጥቶ የማይለቅ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? ጎረቤቴ አቶ ታረቀኝ፣ ደርግ ትርፍ ቤት ሊወርስ ነው ሲባል፣ ኮን ከተማ ያለውን ሁለተኛ ቤታቸውን ቸኩለው ሸጡ፤ የጠፍር አልጋቸውንም ላሊበላ ድረስ አሸክመው ለእኔ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ በየሰንበቱ እየመጡ ይጋደሙባታል፤ እኔ በገዛ ቤቴ በርጩማ ላይ እኩራመታለሁ።

«መርጌታ፣ አልጋዬን አደራ!» ይላሉ።

ስንት ጉባኤ የመራ ሊቅ በጠፍር ይሸነፍ? አልጋይቱን ለሰፈሩ የቀብር ዕድር፣ ለቅሬያችን ሰጠኋት።

በሰንበቱ መጡ። «አልጋዬስ?»

«ለቅሬው አስከሬን ትሸከማለች። ይሂዱና ይጋደሙባት፤ ማን ይከለክልዎታል?»

አማተቡና ወዲያው ተሰናበቱኝ። እኔም አልጋይቱ በለቀቀችው ስፍራ ቁርበቴን አንጥፌ፣ እግሬን ዘርግቼ፣ እንደ ቤት ጌታ ሳልነሣ ሸኘኋቸው።