ከሁሉ በፊት የመጡት ጋሼ ኢድወል

በየመንደሩ እሱ ሲመጣ አገሩ ባዶ የነበረለት አንድ ሰው አይጠፋም። ከእሱ በኋላ የመጣ ሁሉ ወራሪ ነው። በእኛ በዌልስ ድንበር መንደር ይህን ከባድ ሹመት የያዙት ክቡር ኢድወል ፕሮሰር ናቸው፤ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር፣ የመቃብር ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ የሁለት ሺህ ዓመት ቂም ባለአደራ።

አይስክሬም ሻጩን ጣሊያን "አያቶችህ ያን መንገድ ሲሠሩ ማንን አስፈቀዱ?" ብለው ስለ ጥንቶቹ ሮማውያን ወረራ ይቅርታ አስጠይቀውታል። ይቅርታውን አልተቀበሉም፤ አይስክሬሙን ግን ተቀብለዋል። ልጃቸው ከስካንዲኔቪያ የመጣ ቁም ሳጥን ብትገዛላቸው፣ ብሎኖቹን ወለሉ ላይ በትነው "ያኔ አያቶቻቸው በመርከብ መጥተው ገዳማችንን አቃጠሉ፤ አሁን ደግሞ ራሳችሁ ግጠሙት ይሉናል!" ሲሉ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ከባሕር ማዶ መጥተው አገሩን የያዙት ኖርማኖች በሠሩት ግንብ በር ላይ ቲኬት ሲጠየቁማ "ቤቴን ቀምቶ የገባ ሌባ ጭራሽ መግቢያ ያስከፍለኝ?" ብለው ሰልፉን አንድ ሰዓት አቆሙት።

ዋናው ጠላት ግን የእንግሊዞች አያት ሳክሰን ነው። ሳክሰን ማለት ደግሞ ጎረቤታቸው ቤሪል ናት። እሷና ባሏ ሬጅ ከእንግሊዟ በርሚንግሃም ከመጡ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። የኢድወል ወገብ ሲያዝ ሾርባ የምታመላልሰው ቤሪል ናት፤ እሳቸውም "ትናንት የመጣ ሰው ጨው አያውቅም" እያሉ ሳህኑን ይጠርጋሉ።

ባለፈው መጋቢት ሬጅ ሞተ። ቤሪል በጸሎት ቤቱ ግቢ ልትቀብረው ጠየቀች። በግቢው የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከኢድወል እናት መቃብር ጎን፣ በራሳቸው ስም የተያዘ።

"ደንቡ ለነባር ቤተሰብ ብቻ ይላል" አሏት።

"ሠላሳ አንድ ዓመት አይበቃም?"

"ገና ዕቃችሁን መች አወረዳችሁ!"

የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነኝ። ደሜ ፈላ። ለሞተ ሰው ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድ ይጠየቃል? ብዕሬን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት ማሬድ የምትባል፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ተመራማሪ፣ በመንደሩ አዳራሽ ስለ ጥንት ሰዎች ልታወራ መጣች። ኢድወል ደረታቸውን ነፍተው ፊት ተቀመጡ።

"ኮረብታችን ላይ ያሉትን ትልልቅ የጥንት ድንጋዮች ያቆሙት የእኛ አያቶች አይደሉም" አለች ማሬድ። "የእኛዎቹ ከባሕር ማዶ የመጡት ከእነሱ በኋላ፣ የዛሬ አራት ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ከነዚያ ሰዎች ደም እኛ ውስጥ የቀረው ጥቂት ነው።"

ኢድወል ብድግ አሉ። "እና የት ገቡ?"

"ጠፉ፣ ጋሼ ኢድወል። እንዴት እንደጠፉ በደንብ አይታወቅም።"

"በአውቶቡሴ ትምህርት ቤት ያመላለስኩሽ ልጅ! እኔን መጤ ትይኛለሽ?"

"እኔም መጤ ነኝ፣ ጋሼ።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቀችው ቤሪል ብቻ ናት። "ተቀመጥ ኢድወል" አለቻቸው፣ "ወገብህን ያምሃል።"

ሁለት ቀን ከቤት አልወጡም። በሦስተኛው ቀን የቤቴን በር በምርኩዛቸው ደበደቡ።

"መዝገቡን አምጣ። ቦታዬን ለሬጅ ጻፍለት።"

"ደንቡስ?"

"የምን ደንብ! አራት ሺህ ዓመት ሙሉ መጤ መሆኔን አንድ ሰው እንኳ ሳይነግረኝ!"

"እርስዎስ የት ሊያርፉ ነው?"

"አቃጥላችሁ አመዴን ከድንጋዮቹ ሥር በትኑት። እነዚያን ሰዎች ይቅርታ የሚጠይቅ ይኑር እንጂ!"

የቀብሩ ዕለት ዝናብ ነበር። ሰው ሁሉ ጃንጥላውን ሲከፍት ኢድወል ምርኩዛቸውን ለቤሪል አስይዘው ከሬሳ ሳጥኑ ፊት ለፊት ቆሙ። እኚህን ሽማግሌ አንድ ቀን ስሸኝ እንዴት እንደምሆን ያኔ ታየኝ።

"ተዉ ጋሼ፣ ወገብዎ አይችልም፤ ወጣቶቹ ይሸከሙት" አልኳቸው።

"ዞር በል ከፊቴ!" ብለው ትከሻቸውን ከሳጥኑ ሥር አስገቡ። "ጎረቤቴ ነው።"