ላፕቶፔ ለመምህሬ የሰጣቸው ዜሮ

ወገኖቼ፣ ዛሬ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እንዴት ደስ ባለኝ! ቁጭ በሉ ልንገራችሁ።

ጠዋት እዚሁ ደብረ ታቦር፣ ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ፣ የመምህራን ማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ ስብሰባ ነበረን። ላፕቶፕ ታቅፋ የገባችው አዲሷ አባል እኔ ነኝ። ዕድገት የጠየቁት ደግሞ መምህር ጥበቡ፣ የሃይማኖት ጥናት ክፍላችን አንጋፋ። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ነው የቀራቸው፤ ዛሬ ካመለጣቸው አመለጣቸው።

እኔ ምን አደረግኩ? ስማቸውን ዳታቤዝ ላይ ሰርች! ስንት ሰው ጽሑፋችሁን እንደጠቀሰ የሚቆጥረው ላይ።

ዜሮ።

አፌን ሞልቼ "ሳይቴሽናቸው ዜሮ ነው፤ ኢምፓክት የላቸውም" አልኩ። ኧረ እኔን!

ሰብሳቢያችን ዶክተሯ "እስቲ ይግቡና ራሳቸው ያስረዱ" አለች። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ገቡ። "ዳታቤዙ ማንም አልጠቀሰዎትም ይላል፣ መምህር" አለቻቸው።

ወደ እኔ ዞር አሉ። ቁጣ የለ፣ ምን የለ።

"ልጄ፣ የጉናውን ጽሑፍሽን ስታሳትሚ አንቺስ አልጠቀስሽኝም?"

ላፕቶፔን ክድን አደረግኩ!

ልናዘዝላችሁ። በሕይወቴ ያሳተምኩት አንድ ጽሑፍ ነው፤ በጉና ተራራ ሥር ስላሉ አብያተ ክርስቲያናት። ከገሳይ ከተማ ተነስተን በዚያ ብርድ በእግር ይዘውኝ የወጡት እሳቸው። ግእዙን ቃል በቃል የተረጎሙልኝ እሳቸው። ዋናው ሐሳብ ራሱ ከእሳቸው የአማርኛ ጽሑፍ የመጣ ነው።

ሪፈረንሴስ? ከላይ እስከ ታች ፈረንጅ! "ገምጋሚዎቹ እንደዚያ ይወዳሉ" ሲሉ ሰዎችን ሰምቼ። ለእሳቸው መጨረሻ ላይ "አንድ አባትን አመሰግናለሁ" ብዬ አለፍኩ።

ዳታቤዙ ደግሞ ምስጋና አይቆጥርም!

መምህር ቀጠሉ፦ "ቅኔ ቤት ተማሪ የሰማውን ሲናገር አስቀድሞ ከማን እንደሰማው ይናገራል። ዝም ካለ ጓደኞቹ አፍጥጠው ይጠይቁታል።"

ኮሚቴው በሙሉ አፍጥጦ እኔን!

እንባዬ መጣ። "ዜሮውን የሠራሁት እኔ ነኝ" አልኩ። ዶክተሯም አቀርቅራ "እኔም ማስተርሴን ስጽፍ እንዲሁ አድርጌያለሁ" አለች። እንዴት እንዳቀፍኳት አትጠይቁኝ።

ውሳኔው ምን ሆነ? ሥራቸው አማርኛና ግእዝ አንብበው ለሚረዱ ሁለት ምሁራን ይላካል፤ ይዘቱ ተነብቦ ይመዘናል። እኔም ምሳ ሳልበላ ለጆርናሉ አዘጋጅ የእርምት ጥያቄ ጻፍኩ። አመሻሽ ላይ "እናስተካክላለን" የሚል መልስ መጣልኝ። ጮህኩ!

ለካ ከስብሰባው ስንወጣ በር ላይ "መምህር፣ ይቅር ይበሉኝ" ስላቸው ሳቅ ብለው ነበር።

"ተይ ልጄ። ይልቅ ሦስተኛው ገጽ ላይ ትርጉሙን ስተሻል። ነገ ነይና እናርመው።"

ጽሑፌን አንብበውታል! ስማቸው የሌለበትን!

እናንተስ፣ ከሱ ተምራችሁ ስሙን የዋጣችሁት ሰው የለም? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ዳታቤዙ ባይቆጥር እኔ በጣቴ እቆጥራለሁ።

ከራሴ ልጀምር፦ መምህር ጥበቡ። አንድ።