ጋሽ ይርዳው ለጥገና የተወሰዱ ዕለት

ትናንት ጋሽ ይርዳው በጠራራ ፀሐይ ሕልም አዩ። ሌላው ሰው ሕልሙን አልጋው ላይ ያያል፤ እሳቸው ያዩት ግን ኮምፒውተር ጠጋኟ ሐያት ሱቅ ውስጥ፣ ደንበኛ በሚጠብቅበት አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ጭንቅላታቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ አፋቸውንም ትንሽ ከፍተው ነው። ሕልሙን ከመናገሬ በፊት እዚያ ምን እንዳስቀመጣቸው ልናገር፤ አለዚያ ነገሩ ሁሉ ውሉ የጠፋ ልቃቂት ይሆናል።

ጋሽ ይርዳው የደሴን ግማሽ ጸሐፊ ታይፕ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ኮምፒውተር ገዙ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ስንቅነሽ ደግሞ ወግ ነውና ዳንቴል ሠሩለት። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ሬዲዮኑ አለው፣ ሶፋው አለው፤ ኮምፒውተሩ ምን በወጣው ራቁቱን ይቀመጣል? ስክሪኑንም ሳጥኑንም አልብሶ እስከ መሬት የሚወርድ፣ ዳር ዳሩ ጽጌረዳ ያለበት ነጭ ዳንቴል ነበር። ወይዘሮ ስንቅነሽ በሕይወት ሳሉ ኮምፒውተሩ ሲከፈት ይገለጣል፣ ሲዘጋ ይሸፈናል። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ግን ጋሽ ይርዳው መግለጡ አላስችል አላቸው። የእጇ ሥራ ነው፤ እንዴት አውልቄ ወዲያ እጥለዋለሁ አሉ። ከስክሪኑ ላይ ብቻ እንደ መጋረጃ ሰብሰብ እያደረጉ ሲሠሩ ከረሙ። ማሽኑም ከዳንቴሉ ሥር ትንፋሽ አጥሮት ሲግል፣ ሲግል ከርሞ አንድ ቀን ውስጡ ያለው ሀርድ ዲስክ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ። ከዚያ በኋላ አልከፈትም አለ።

ኮምፒውተሩ ቢቀር ግድ አልነበራቸውም። ውስጡ ግን አንድ ቪዲዮ አለ። ወይዘሮ ስንቅነሽ ካሜራ ሲያዩ በነጠላቸው ተከልለው የሚሸሹ ሴት ነበሩ። ፎቶግራፍስ አንድ ሁለት ተርፏል፤ ድምፃቸው የተቀዳው ግን በዚያ ቪዲዮ ላይ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ጋሽ ይርዳውን ሲቆጡ ነው። በምን ምክንያት እንደተቆጡ ጋሽ ይርዳው ረስተውታል። ያስፈራቸው እሱ አይደለም። ሰሞኑን ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያስቧት ፊቷ ይመጣል፣ አረማመዷ ይመጣል፣ ድምፅዋ አይመጣም። ምን ትል እንደነበር ያውቃሉ፤ እንዴት ትለው እንደነበር ግን እየጠፋባቸው ነው። ሰው ሁለቴ ይሞታል እንዴ እያሉ፣ ሳጥኑን እንደ ሕፃን አቅፈው ሐያት ሱቅ ደረሱ።

ሐያት ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች። «ዲስኩ ታሟል ጋሼ። ደጋግመው ከፍተውታል?»

«እንዲያው ይነሣ እንደሆነ ብዬ...»

«ከእንግዲህ አንዴም እንዳይከፍቱት። ያለውን እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ልገልብጠው። ሲግል እያሳረፍኩ፣ ቀስ እያልኩ ነው የማወጣው። ይውጣ አይውጣ ግን አላህ ነው የሚያውቀው። ቤትዎ ሄደው ይረፉ፤ እደውልልዎታለሁ።»

«እዚሁ ልቀመጥ ልጄ። አላስቸግርሽም።»

«እንግዲያውስ ዱዓ ያድርጉ» አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች።

ጋሽ ይርዳው ተቀመጡ። የማያውቋት ልጅ ለማታውቃት ሴት ድምፅ እንዲህ ስትጠነቀቅ እያዩ ሆዳቸው ባባ። ተመስገን፣ እጇን ባርክልኝ እያሉ፣ ያንን ቀጭ፣ ቀጭ እየሰሙ፣ ሸለብ አደረጋቸው።

በሕልማቸው ያው ሱቅ ነው። አግዳሚው ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቁት ግን ኮምፒውተሮች ናቸው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር የሚያስጠግነውን ሰው ይዞ መጥቷል። አንዷ ላፕቶፕ አንድ ወፍራም ነጋዴ ጭኗ ላይ አስቀምጣ «ከትናንት ጀምሮ ዝም ብሎ ይበላል እንጂ ምንም አይሠራልኝም» እያለች ለጎረቤቷ ታማርራለች። የጋሽ ይርዳው ኮምፒውተር ዳንቴሉን እንደ ነጠላ አጣፍቶ፣ የእሳቸውን እጅ ጥብቅ አድርጎ ይዟል።

ተራቸው ደረሰ። ከጠረጴዛው ጀርባ ያለው ጠጋኝ አህያ ነው። መነጽር አድርጓል፤ ቀጭን ካቻቢቴም ጥርሱ መሀል ነክሷል።

«ምን ሆነብህ?» አለው ኮምፒውተሩን።

«ኧረ ይሄ ሰውዬ መላ ቅጡ ጠፋብኝ ጌታዬ። ሲነሣም ሲቀመጥም ቀጭ፣ ቀጭ ይላል።»

«ጉልበቴ ነው» አሉ ጋሽ ይርዳው።

«ዝም በል አንተ! ዕቃ አይናገርም» አላቸው አህያው። እዚያ አገር አህያ አንቱ ይባላል፤ ሽማግሌ ግን አንተ ነው።

ኮምፒውተሩ እንባ እንባ እያለው ቀጠለ። «እሱ ቢቀር ግድ የለኝም። ውስጡ ግን የሚስቱ ድምፅ አለ። እሷን ብቻ ያውጡልኝ።»

አህያው ረጅሙን ጆሮውን ጋሽ ይርዳው ደረት ላይ ለጠፈ። «በምን ሸፍነኸው ነው የኖርከው?»

«በኀዘን።»

«አይ እናንተ! ኀዘን እኮ አየር አያስገባም። ሰው ውስጥ ውስጡን ይግላል» አለ አህያው። ከዚያም ምንም ሳያስጠነቅቅ ካቻቢቴውን ጆሯቸው ውስጥ ከቶ አንድ ዙር አዞረው።

ጋሽ ይርዳው ራሳቸውን ፒያሳ መሀል አገኙት። ዝናቡ ከአስፋልቱ ወደ ሰማይ ይዘንባል። ሰዉ ሁሉ ጃንጥላውን ከእግሩ ሥር ዘርግቶ ቆሞበታል። ባጃጆች ሰው ጀርባ ላይ ተሳፍረው ይሄዳሉ። አንድ ሰማያዊ ባጃጅ መጥቶ ሳይጠይቅ ጋሽ ይርዳው ትከሻ ላይ ወጣ።

«ወዴት ነህ?» አላቸው።

«የጠፋ ድምፅ የሚገኝበት ቦታ ካለ...»

«ቀጥ ብለህ ሂድ። ልቅሶ ቤት ነው፤ እኔም ወደዚያው ነኝ።»

የሚገርመው ባጃጁ አልከበዳቸውም። ዳገቱን ወጡ፣ ዳገቱም እየወጡት ቁልቁለት ሆነላቸው። ድንኳኑ ደጃፍ ሲደርሱ ባጃጁ «ወራጅ አለ!» አለና ወረደ። ጋሽ ይርዳው ከልጅነታቸው ጀምሮ ተመስገን ሳይሉ ውሃ የማይጠጡ ሰው ናቸውና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉት።

ባጃጁ ክው አለ። «ሰደበኝ! ሰዎች፣ ምስክር ሁኑኝ! በአደባባይ ሰደበኝ!»

እዚያ አገር ምርቃት ስድብ ነው፤ ስድብ ደግሞ ምርቃት። ወዲያው መለዮ ያደረጉ ሁለት ዶሮዎች መጥተው ጋሽ ይርዳውን ግራና ቀኝ ያዟቸው።

«ምን አጠፋሁ?»

«አመሰገንክ» አለች አንደኛዋ ዶሮ። «ደግሞ ከልብህ ነው፤ ይሄ ያከብደዋል።»

«እናንተንም እግዜር ይባርካችሁ፣ ልቀቁኝ።»

«ጭራሽ ይደግመዋል!» አለች ሁለተኛዋ። እየጎተቱ ድንኳኑ ውስጥ አስገቧቸው።

ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ሙታን ናቸው። ለሕያዋን ያለቅሳሉ። ጥግ ይዘው ካርታ የሚጫወቱ አሉ፤ ንፍሮ የሚቆረጥሙ አሉ። በየመሀሉ አንዱ ብድግ ይልና ደረቱን እየደቃ «ወይኔ ወንድሜን! ገና አለ! ገና ጉንፋን ይይዘዋል፣ ገና ጥርሱን ያመዋል፣ ወይኔ!» ይላል። ሌሎቹም «ምን ይደረጋል፣ እሱ ያመጣውን መቀበል ነው፤ ለሁሉም ጊዜ አለው፤ እሱም አንድ ቀን ያልፍለታል» እያሉ ያጽናኑታል።

ከመሀላቸው አንድ ሰው ጋሽ ይርዳውን ሲያይ ካርታውን ጥሎ ተነሣ። የታይፕ ትምህርት ቤቱ ዘበኛ የነበሩት፣ ቀድመው ያረፉት አባ ቢተው ናቸው።

«ይርዳው! ክፉ ያሰማህ! የት ይድፋህ ብለን ስንናፍቅህ!» ብለው አቀፏቸው።

ጋሽ ይርዳው የአገሩ ወግ ገባቸው። «እርስዎንም ይድፋዎት አባቴ» አሉ እያቀፏቸው። ይህን ሲሉ አፋቸው ተኮማተረ፤ ዶሮዎቹ ግን ደስ ብሏቸው ለቀቋቸው። «ስንቅነሽ እዚህ አለች?»

«ጓዳ ናት። ግን ምስልዋ ብቻ ነው የወጣው፤ ድምፅዋ ገና አልወጣም።»

ጓዳው ደጃፍ ላይ የተጋረደው ያ ነጭ ዳንቴል ነው። በጽጌረዳዎቹ ቀዳዳ አጮልቀው አዩ። ስንቅነሽ ቆማለች። ያችው የሚያውቋት ሴት፣ የቀሚሷን እጅጌ ሰብስባ፣ ሌባ ጣቷን ቀስራ፣ ትቆጣለች። አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከአፏ የሚወጣው ግን ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ነው።

«ስንቄ!» አሉ። «ጮኽ በይ! አይሰማኝም!»

እሷም የባሰ ተቆጣች። ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ።

«ስደቢኝ ግድ የለም! የፈለግሽውን በይኝ፤ ብቻ ልስማሽ!»

ከላይ፣ ሰማዩ ከነበረበት በኩል፣ የአህያው ድምፅ መጣ። «ዳንቴሉን ግለጠው እንጂ አንተ! አየር ይግባ!»

ጋሽ ይርዳው እጃቸውን ዘረጉ፤ ግን መልሰው ሰበሰቡት። ክሩን ስትመርጥ አብረው ገበያ ሄደው ነበር። ስትሠራው ማታ ማታ ከጎኗ ተቀምጠው ነበር። ብገልጠው ምን ይቀረኛል አሉ። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሙታን ካርታቸውን አስቀምጠው ሁሉም ወደ እሳቸው ዞሩ። ስንቅነሽም መቆጣቷን አቁማ ዝም ብላ አየቻቸው። ያ ዝምታ ከምንም በላይ ባሰባቸው።

«እግዜር አይስጥሽ ስንቄ» አሏት በአገሩ ወግ፣ ከልባቸው። «ለኖርሽልኝ ዘመን ሁሉ፣ ለምግቡም ለቁጣውም፣ ለሁሉም አይስጥሽ!»

ዳንቴሉን በሁለት እጃቸው ይዘው ገለጡት። ነፋስ ገባ። እሷም ትንፋሿን ስባ አፏን ከፈተች፦

«አንተ ሰውዬ!»

ጋሽ ይርዳው ከወንበሩ ላይ ብድግ አሉ። የሐያት ሱቅ ነው። ደጁ ላይ የከሰዓት ፀሐይ አለ። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሡ የመጡ ሁለት የባንክ ሠራተኞች ክራቫታቸውን አስረው ቆመዋል። የሐያት ስክሪን ላይ አረንጓዴና ሐምራዊ ቁርጥራጭ ይተራመሳል እንጂ ሰው አይታይም። ከስፒከሩ የሚወጣው ድምፅ ግን ኩልል ያለ ነው። ትንሽ ሻከር ይላል፤ መጨረሻው ላይ ከፍ ይላል። እንደዚያ ነበር። በትክክል እንደዚያ ነበር!

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄንን ካሜራ ከፊቴ አታነሣም እንዴ? ሽንኩርቱ አረረብኝ እኮ! ለዚህ ለዚህ ጊዜ አለህ፤ ካልሲህን አውልቀህ ለመዘፍዘፍ ግን እጅ የለህም! ኧረ የካልሲህ ሽታ እንግዳ አባረረብኝ! ትናንት ጎረቤት መጥታ አፍንጫዋን ይዛ አይደል እንዴ የወጣችው?»

ሁለቱ የባንክ ሠራተኞች ቀስ ብለው ወደ ጋሽ ይርዳው ጫማ አዩ። አንደኛው አንድ እርምጃ ወደ በሩ ፈቀቅ አለ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ድምፁ፣ አሁን ሳቅ ሳቅ እያለው። «እስቲ አሁን ይሄን ጩኸቴን ማን ይሰማልኛል ብለህ ነው የምትቀርፀው?»

ሐያት በእሳቸው ፈንታ አፍራ ፊቷ ቀላ። «ይቅርታ ጋሼ፤ ምስሉ ተበላሽቷል፣ ድምፁ ብቻ ነው የዳነው። ሰው አለ መሰለኝ፤ ልቀንሰው?» አለችና እጇን ወደ ስፒከሩ ዘረጋች።

እንባው በጋሽ ይርዳው ጉንጭ ላይ ይወርዳል፤ አፋቸው ግን እስከ ጆሯቸው ድረስ ተከፍቷል።

«አትቀንሺው ልጄ!» አሉ። «ጨምሪው!»