ጋሼ ንስርና እኔ

ሳይጠየቅ የሚያስተምር ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። የእኛ ሙዚየም ግን ከሁሉም የከፋውን መርጦ፣ የደንብ ልብስ አልብሶ፣ እኔ በማስጎበኝበት አዳራሽ በር ላይ አቁሞታል።

ክቡርነታቸው የጥበቃ ሠራተኛ ናቸው፤ ጋሼ ንስር እንላቸዋለን። የሚጠብቁት ድሮ በአንድ ደሴት ይኖር የነበረ፣ ዘሩ የጠፋ የአንድ ግዙፍ ንስር አፅም ነው። ገና "እንኳን ደህና መጣችሁ" ስል ከኋላዬ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

"ይቅርታ ልጄ፣ አንዲት ነገር ብቻ ልጨምር።"

አንዲቷ ነገር አርባ ደቂቃ ትፈጃለች።

እኔ "ክንፉ ሲዘረጋ ሦስት ሜትር ገደማ ይደርስ ነበር" ብዬ ላልፍ ስል፣ እሳቸው ሁለት ጎብኚዎችን እጅ ለእጅ አያይዘው ግድግዳ ላይ ይለጥፏቸዋል። ባለፈው ጥፍሩን ለማስረዳት የአንድ የተከበሩ ሰውዬ ትከሻ ከኋላ ጨምድደው፣ ሰውዬው ካልጮሁ አልለቅም አሉ። "ንስሩ ያድነው የነበረው፣ መብረር የማይችል ትልቅ ወፍ የሚሰማው ይኼ ነበር" አሏቸው። ሰውዬው ደግሞ አመሰገኗቸው! እኔን በስድስት ዓመት ያመሰገነኝ የለም።

የባሰው እርማታቸው ነው። አንድ ቀን ሠላሳ ተማሪዎች ፊት "ንስሩን ሰዎች ገድለው ጨረሱት" አልኩ።

"የለም ልጄ፤ ሰው የጨረሰው ያንን መብረር የማይችለውን ወፍ፣ የንስሩን ምግብ ነው። እሱ በረሃብ አለቀ።"

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከስንት መቶ ዓመት በፊት ላለቀ ወፍ! እኔ ልጆች ፊት ተዋርጄ ቆሜያለሁ፤ እሳቸው ለንስር ለቅሶ ተቀምጠዋል።

ስለዚህ አለቃችን "ለአንድ አዳራሽ ሁለት ሰው በዝቷል፤ አንዳችሁ ምድር ቤት ወዳለው ዕቃ ግምጃ ቤት ትወርዳላችሁ። ሐሳባችሁን ጽፋችሁ አምጡ" ስትል ደስታዬን አልቻልኩትም። ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። እሳቸው ይውረዱና ሳጥኖቹን ያስተምሩ አልኩ።

ማመልከቻዬን ይዤ ስገባ የእሳቸው ቀድሞኝ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አለቃዬ እየሳቀች አቀበለችኝ።

"እኔ ልውረድ። ልጁ እዚሁ ንስሩ ዘንድ ይቅር። ገና ብዙ አያውቅም፣ ግን ያዳምጣል።"

"አያውቅም" መባሌ አንገበገበኝ። ግን ሁለቱ ገጾቼ እጄ ላይ ከበዱኝ፤ አፈርኩ።

"ያንተስ?" አለች እጇን ዘርግታ።

ወረቀቴን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

"እኔ ነኝ የምወርደው" አልኳት። "እሳቸው ከወረዱ እዚህ የሚቀረው አጥንት ብቻ ነው።"