በካላማዳሪያ የታሰረ ጆይስቲክ

ይኸው እጄን አንስቼ እምላለሁ፣ የምነግራችሁን አታምኑኝም። እኔም ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ “ይሄን ሰውዬ ፀሐይ መቶታል” ብዬ አልፈው ነበር። ምን ላድርግ፣ እዚያው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት። አፌን አትመኑት፤ ጆሮዬ ግን እስካሁን ዋሽቶ አያውቅም።

በዚህ ዓለም ላይ አንድ ዕቃ የጠገነ ሰው ነፃነቱ ያን ዕለት አከተመ። እኔን ያገኘኝ ይኸው ነው። ካላክላ የሚባለው የካርቱም ሰፈር በገባሁ ሰሞን፣ ከጦርነቱ በፊት ካርቱም ገና በእግሯ ቆማ ሳለች፣ የጎረቤት ሬዲዮ ዝም አለና በጥፊ ብመታው ተናገረ። እኛ አገር ቢሆን ባለሬዲዮው ይከሰኝ ነበር። ካርቱም ግን ደግ ከተማ ናትና በማግስቱ “ያ ሙሐንዲስ!” ብላ ሾመችኝ። ሙሐንዲስ ማለት በእነሱ አፍ ኢንጂነር ማለት ነው። ሌላው ሰው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፀጉሩ እስኪመለጥ የሚለፋበትን ማዕረግ፣ የፊደል ገበታ እንኳ እስከ መጨረሻው ያልዘለቅሁት እኔ በአንድ ጥፊ አፈስኩት። ከዚያ ወዲያ ማራገቢያ ሲቆም እኔ ምትኩ፣ የውሃ ፓምፕ ሲያስነጥስ ምትኩ፣ ፍየል አልታለብም ስትል ምትኩ። ለፍየሏ እንኳ ትክክለኛውን ሰው ነበር የጠሩት።

የቀን ሥራው ወገቤን ሲያጎብጠኝ አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ አንድ ጌም ቤት ተቀጠርሁ። ሥራዬ ከጆይስቲኮች ላይ አሸዋ መጥረግ ነበር። ቀላል እንዳይመስላችሁ። የካርቱም አሸዋ በተዘጋ በር ይገባል፣ በተዘጋ አፍ ይገባል፤ ጆይስቲክ ምን ቆርጦት ነው የሚቀርለት? እየፈታሁ እየገጠምሁ፣ ስገጥም የሚተርፈኝን ብሎን ኪሴ ውስጥ እየደበቅሁ፣ የጆይስቲክ በሽታ ሁሉ ሐኪም ሆንሁ።

ይህን ሁሉ የምዘባርቀው ሐጃ ዘይነብ ለምን እኔን እንደጠራችኝ እንድታውቁ ነው። ሐጃ ዘይነብ እኔና ጓደኛዬ ደምሴ የተከራየንበት ግቢ ባለቤት ናት። ባሏ ሐጅ ኡስማን ዕድሜውን ሁሉ ሎሪ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ስለሱ የማይወራ የለም፤ በረሃውን በጠረኑ ያውቀው ነበር፣ አሸዋ ቀምሶ “አትባራ ደርሰናል” ይል ነበር ይባላል። ይህን ያጋነንሁት እኔ አይደለሁም፤ ለአንዴ እንኳ ሌላ ሰው ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው አንድ ጠዋት ወድቆ ተነሣ፤ ሲነሣ ግን ቀኝ እጁና ምላሱ አብረውት አልተነሡም። እጁ እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠለጠለ። ከአፉ “እህ” ከምትል በስተቀር ምንም አይወጣም። ሐኪሙ ምላሱ ሊመለስ ይችላል፣ እሱ ራሱ ግን መፈለግ አለበት ብሎ ነበር። ሐጁ ደግሞ ምንም መፈለግ ተወ። በገመድ በተጠለፈ አልጋው ላይ ተጋድሞ ግድግዳ ያያል። ግድግዳው ላይ ምንም የለም፤ እኔ ሄጄ አይቼዋለሁ።

ጅዳ የሚሠራው ልጁ ያሲር በስልክ አንድ ሐሳብ አመጣ። ቤት ትቶት የሄደው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የሎሪ መንዳት ጌም አለ፤ በረሃ ውስጥ የሚነዳ። “አባቴ ሎሪ ይንዳ፤ ምትኩ ጆይስቲክ ይፈልግለት” አለ። እኔም ምን ቸግሮኝ! “ለዚህማ ዓይኔን ጨፍኜ!” አልሁ። ደምሴ ከኋላዬ “ዓይንህን ስትጨፍንማ ነው የምንፈራህ” አለኝ።

ሐጃ ግን አልሳቀችም። ወደ ጓዳ በር ጠራችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፦ “ስማኝ ያ ወለዲ፣ ልጄ። ሐኪሙ ምርኩዝ ሰጠው፤ አንዴ ሲያዳልጠው ፍየላችን ላይ ወረወረው፣ ዳግመኛ አልነካውም። ማንኪያ በግራ እጁ አስያዝነው፤ በግራ መብላቱ ራሱ ለሱ ነውር ነው፣ ሾርባው ጀላቢያው ላይ ሲደፋበት ማንኪያውን ከግድግዳ ጋር አላተመው፣ ይኸው እኔ ነኝ የማጎርሰው። ይሄ ሰው ዕቃን አንዴ ነው የሚፈትነው። አሁን ደግሞ ሎሪ፣ ያውም ሎሪ፣ ዓይናችን እያየ ቢያቅተው ወደ ግድግዳው ይዞራል፤ ወላሂ መልሼ አላገኘውም። እርግጠኛ ካልሆንህ ተወው።”

በሕይወቴ እርግጠኛ የሆንሁበት ነገር የለም፤ የተወለድሁበትን ቀን እንኳ እናቴና አክስቴ ይከራከሩበታል። ግን አፌ ቀደመኝና “ኢንሻአላህ” አልሁ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ ጠላቴ ሆነ።

መጀመሪያ ነገር ላፕቶፑ ላይ ያለው ዊንዶውስ አይደለም፣ ሊኑክስ ነው። ሊኑክስን ለማታውቁት፣ ኮምፒዩተሩን የሚያንቀሳቅስ፣ ባለቤቱ ሁሉም ሰው የሆነ ፕሮግራም ነው። በነፃ ይሰጧችኋል። ሲበላሽ የምትጮሁበት ሰው የለም፤ እናንተም ሆዱን ከፍታችሁ ብትበረብሩት የሚጮህባችሁ የለም። ለእኔ ዓይነቱ ሰው የተፈጠረ ነው። ጣጣው ጆይስቲክ ሲሰካበት ሁሉንም በእኩል ዓይን አለማየቱ ነው። አንዱን እንደ ወንድሙ ይቀበላል፣ ሌላውን “ማነህ ደግሞ አንተ?” ይላል።

ሱቅ ዐረቢ ከሚባለው ገበያ አዲስ ጆይስቲክ ገዛሁ። ሻጩ በማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ እንደሚሠራ ማለልኝ፤ ትንሽ ብቆይ በማቀዝቀዣም ላይ ይሠራል ሊለኝ ነበር። ሰካሁት። ነዳጅ ስሰጥ ክላክስ ይጮኻል፣ ፍሬን ስይዝ መብራት ይበራል። ይሄስ ግድ የለም፤ ሊኑክስ ላይ የቁልፎችን ሥራ የምታቀያይሩበት መስኮት አለ፣ ደምሴ እንግሊዝኛውን እያነበበልኝ አስተካከልሁት። የማይስተካከለው ከላይ በጣት የሚሳበው ቃታ ነበር። ጥሩ ጆይስቲክ ላይ ቃታው እንደ መኪና ፔዳል ነው፤ ትንሽ ስትስቡት ትንሽ ነዳጅ፣ ብዙ ስትስቡት ብዙ። የዚህኛው ግን ወይ ሙሉ ነው ወይ ባዶ። ሎሪው ንብ እንደነደፈው አህያ ይዘላል። ይህን ለሐጅ ኡስማን ላቅርብለት? ያኔ ፍየሏን ማን ይከላከልላታል?

ቀጥሎ የጌም ቤቱን ጌታ ለምኜ በእጅ የሚያዘውን ትንሽ የጌም ማሽን ተዋስሁ፤ እሱም በሊኑክስ ነው የሚሠራው፣ ስክሪኑም ቁልፉም አንድ ላይ የሆነ። ሲያምር! ግን ዕቃው ሁለት እጅ ላለው ሰው የተሠራ ነው። በግራ እጅ ብቻ ሲይዙት በቀኝ በኩል ይዘምማል፣ ሎሪዋም ከማነሷ የተነሣ የጉንዳን ቤተሰብ የጫነች ትመስላለች። የሽማግሌ ዓይን ይህን አይቶ መንዳት ሳይሆን መነጽር ነው የሚጠይቀው። መለስሁት።

ያለ ገመድ የሚሠሩት ጆይስቲኮች ደግሞ ካልነካካችኋቸው ያንቀላፋሉ። ሐጁ አንድ ነገር ከመንካቱ በፊት ረጅም ጊዜ የሚያይ ሰው ነው፤ እሱ አይቶ እስኪጨርስ ጆይስቲኩ ሌሊቱን አጋምሶታል።

በመጨረሻ ከጌም ቤቱ የውዳቂ ካርቶን ውስጥ አንድ ባለገመድ አሮጌ አነሣሁ። ቀለሙ ለቋል፣ ገመዱን አይጥ ቀምሶታል፤ ቃታው ግን እንደ እርጎ ለስላሳ። በሽታው አንድ ነው፤ በግራ በኩል ያለችው እንጉዳይ የመሰለች መሪ ማንም ሳይነካት ወደ ግራ ትሄዳለች። የዚህን መድኃኒት አውቃለሁ። መሪዋ በትንሹ ስትወዛወዝ ኮምፒዩተሩ አይቶ እንዳላየ እንዲሆን ታዙታላችሁ። መጠኑን ስታበዙት ግን ነጂው መሪ ሲያዞርም አላየሁም ይላል፤ ስለዚህ በጭንቅ፣ በቁንጥር ነው የሚጨመረው። የቀኝ እጅን ሥራ በሙሉ ወደ ግራ አዛወርሁ፤ የግራው ቃታ ነዳጅ፣ ከሱ በላይ ያለው ቁልፍ ፍሬንና ኋላ ማርሽ፣ በአውራ ጣት መሪ። ማን ይይዘዋል? ከሐጁ አሮጌ ጎማ ካላማዳሪያ ቀድጄ ጣውላ ላይ ጠፍሬ አሰርሁት፤ ጣውላው ጭኑ ላይ ይቀመጣል።

መሞከሩ ቀረ። ደምሴ ቀኝ እጄን በቀበቶው ወደ ኋላ አሰረልኝና በግራዬ ብቻ መንዳት ጀመርሁ። ወንዝ ውስጥ ገባሁ። ተራራ ወጣሁ። አንድ ጎረቤት በመስኮት ብቅ ብሎ ታስሬ ሲያየኝ ደንግጦ “ከሻ መጣ እንዴ?” አለ፤ ከሻ የሚሉት የፖሊስ አፈሳውን ነው። ደምሴ ፊቱን ሳይቀይር “ኧረ የለም፣ መንጃ ፈቃድ እየተማረ ነው” አለው። ሳቅሁ ብላችሁ ታስባላችሁ?  ስነዳ የሚታየኝ ያ ባዶ ግድግዳ ብቻ ነው።

ቀኑ ደረሰ። ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ላፕቶፑን በርጩማ ላይ አስቀመጥን፣ ሐጁን በትራስ ደግፈን አስቀመጥነው፣ ጣውላውን ጭኑ ላይ አኖርሁ። ስክሪኑ ላይ ሎሪ ቆሟል፤ ፊት ለፊቱ በረሃ። ሐጁ አየ። ካላማዳሪያውን በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ እጁን አነሣና ወደ ጉልበቱ መለሰ።

አልነካውም። ሐጃ በሩ ላይ ቆማ መቁጠሪያዋን ጨብጣለች፤ አትቆጥርም፣ ጨብጣለች ብቻ። እኔ ጆሮዬ ድረስ ላብ ሆኛለሁ። ምን ጎደለው? ገመዱ? ጣውላው? ሐጁ ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ፣ ከዚያ በቀኙ በኩል ወዳለው ባዶ የአልጋ ጫፍ፣ ከዚያ እንደገና ወደ እኔ።

“ተቀመጥ!” አለች ሐጃ በሹክሹክታ። “ተቀመጥ እንጂ! ረዳቱ ከጎኑ ካልተቀመጠ ሞተር አስነሥቶ አያውቅም!”

ዘልዬ ተቀመጥሁ። ሐጁ ቃታውን በስሱ ሳበ። ሎሪው እንደ ሙሽራ፣ ቀስ ብሎ ተነሣ።

ወይኔ እናንተዬ፣ ምን ልንገራችሁ! ሰውዬው ነዳ! ጌሙ ያማረ አስፋልት አለው፤ እሱ ግን አስፋልቱን በንቀት አየት አድርጎ ወደ አሸዋው ታጠፈ። ኩርባውን ሲዞር ደረቱም አብሮ ይዞራል። ደምሴ አፉን ከፍቶ ቀረ። ያ መሪ ወደ ግራ ሲስብ እንኳ በአውራ ጣቱ እያቃና፣ የታመመ ሎሪ ነድቶ እንደሚያውቅ ሰው፣ ቅር ሳይለው ይሄዳል።

በዚህ መሐል ማራገቢያው ቆመ። ከህረባ ሄደ። መብራት መሆኑ ነው። ላፕቶፑ በባትሪው ቀረ፤ ያ ባትሪ ደግሞ ከሐጁ የባሰ ሕመምተኛ ነው። ጥግ ላይ ቀይ ምልክት መጣ። ያኔ ነው ሎሪው አሸዋ ውስጥ የሰመጠው።

ጎማው ይሽከረከራል፣ ሎሪው አይንቀሳቀስም። ሐጁ ነዳጅ ሰጠ፤ ባሰበት። ኋላ ማርሽ አስገባ፤ ባሰበት። በሆዴ “የኔ ጥፋት ይሆን? የቃታውን መጠን አበላሸሁት ይሆን?” እላለሁ። ከመጀመሪያው እንዲጀምር ብዬ እጄን ወደ ኪቦርዱ ስሰድ በክርኑ ገፋኝ፤ ያውም በቀኙ፣ በሞተው። ያን ጊዜ ማንም ልብ አላለውም። ፊቱ ቀላ፣ የግንባሩ ደም ሥር ተገተረ። ግራ እጁ ጣውላውን ከሥሩ ጨበጠ። ምርኩዙን ሲወረውር እንዲህ ነው የጀመረው። ሐጃ “ያ ረብ፣ አምላኬ” አለች። ቀዩ ምልክት ብልጭ ብልጭ ይላል። ደምሴ ቀስ ብሎ ደጃፍ ላይ ወደታሰረችው ፍየል ሄዶ ከለላት።

ሐጁ ጣውላውን አላነሣም። አንገቱን ወደ እኔ ጠመዘዘ፣ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ ከጉሮሮው ዝገት የሚፈገፈግ የመሰለ ድምፅ ወጣ፣ ከዚያ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ ጮኸ፦

“ያላ፣ አንተ ሐበሻ! ምን ተጎልተህ ታየኛለህ? ውረድና ግፋ!”