ክንዴ ላይ የቀረችው የሻረግ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያለው ሰው መቼም ተነቅሶ አያውቅም። እኔ በጎረምሳነቴ ቡሬ ገበያ ላይ በመርፌና በጥላሸት «የሻረግ» የሚል ስም ክንዴ ላይ አስነቀስሁ። የሻረግ ወር ሳይሞላ ሌላ አገባች፤ ስሟ ግን እኔው ዘንድ ቀረ። ከትርንጎ ጋር ጎጆ ወጥቼ፣ ሦስት ልጅ አሳድጌ ለወግ ለማዕረግ ሳበቃም ነገሩን ያነሣብኝ አልነበረም።

ዘንድሮ ማኅበሩ እኛ ቤት ሆነ። ጠላ ስቀዳ ሞቀኝና እጅጌዬን ጠቅለል አደረግሁ። አንድ እንግዳ፣ ፊደል የቆጠረበት ቀን ይረገምና፣ ክንዴን አየት አድርጎ ትርንጎን «የሻረግ፣ እጅሽ ይባረክ!» አላት። ዕድሜዋን የጨረሰችበት ቤት በሌላ ሴት ስም ይመረቅ? ትርንጎ «አሜን» አለች። እንግዶቹ ሲወጡ ግን ስሙ እስከ ፋሲካ ካልጠፋ ገበዝ ማርያም፣ ወንድሞቿ ዘንድ እንደምትሄድ ነገረችኝ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

እኔስ ምን አደረግሁ? ከአጥሬ ቅንጭብ ቆርጬ ወተቱን ስሙ ላይ አፈሰስሁበት። ኪንታሮት የሚያነሣ ወተት አንዲት የሻረግ ታቅተዋለች? ክንዴ አብጦ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ገባሁ። ልጅ እግሯ ሐኪም ቁስሉን እያጠበች ተቆጣችኝ፤ ኋላ አዘነችልኝ መሰል አስረዳችኝ። ቆዳችን ውስጥ ባዕድ ነገር የሚይዙ ዘበኞች አሉ አሉ። ጥላሸቱን ይውጡታል፣ መፍጨት ግን ያቅታቸዋል፤ ስለዚህ ይዘውት ይኖራሉ። አንዱ ሲሞት ጎረቤቱ ይረከበዋል። አሰፋፈራቸውም በየቦታው ይለያያል፤ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ አንዳንዱ ዓይነት እጅግ ያንሳል፤ እዚያ የተነቀሰም ቶሎ ይለቃል። እርስዎ ቢረሱም እነሱ አይለቁም፣ ጋሼ፣ አለችኝ።

ደስ አለኝ! ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን የዘበኞቹ ሆነልኛ! ቤቴ ገብቼ ሁሉንም ለትርንጎ ዘረገፍሁላት፤ ማንም ያልጠየቀኝን የመዳፉን ነገር እንኳ አላስቀረሁም። ፋሻዬን እያየች ሰማችኝ። ከዚያ እጄን ገለበጠችና መዳፌን ዳሰስ አድርጋ፣ ለካ የእኔ ስም የተጻፈው እዚህ ኖሯል አለች። እኔ ሞኙ፣ ለራሴ ጠበቃ ቆሜ በራሴ ላይ ፈረድሁ።

ፋሲካን ብቻዬን ዋልሁ። ሐኪሟ ለቁስሉ ቀጥራኝ ነበርና ሄጄ አሳየኋት። ቁስሉ፣ እግዜር ይመስገን፣ ድኗል። የሻረግም ደህና ናት።